ሀብቱ ከማን ወደ ማን ይፈስሳል? የሥነ ሕዝብ ሊቁ የጆን ኮልድዌል ጉዞ

«ወልዶ መሳም፣ ዘርቶ መቃም ይስጣችሁ» ብለው ሽማግሌዎቻችን ሙሽሮችን ሲመርቁ፣ ልጅንና እህልን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠሩት። መቼም ምርቃት ሲሆን ሁሉም «አሜን» ይላል እንጂ ቃሉን የሚመረምር የለም። ቢመረመር ግን ትልቅ የኑሮ ስሌት አለበት። የዘራ ይቅማል፤ የወለደም እንዲሁ። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውም ከዚሁ ጎተራ የወጣ ነው። ልጅ ማለት ሲያረጁ የሚጦር፣ ሲሞቱ የሚቀብር፣ እስከዚያውም ከብት የሚያግድ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ጠብ ሲነሣ ከጎን የሚቆም ማለት ነው። አባቶቻችን በሁለት ቃል የቋጩትን ይህን ነገር የዓለም የሥነ ሕዝብ ሊቃውንት አምነው ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እንዲቀበሉ ከገፋፏቸው ሰዎች አንዱና ዋነኛው ጆን ኮልድዌል የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት የዚህን ሰው የምርምር ጉዞ ነው፤ ጉዞው የሚያነሣው ጥያቄ የእኛም የቤታችን ጥያቄ ነውና። አንባቢ እንዳይደናገር፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

የድሃው ስሌት ሳይታወቅ

እንግሊዛዊው ማልተስ በ1798 ያሳተመውን ድርሰት ያልሰማ የለም። የሕዝብ ቁጥር ከምግብ ቀድሞ ይሮጣል፣ የሚገታውም ረሃብና በሽታ ወይም ጋብቻን ማዘግየት ነው የሚል ነው። ከእርሱ ወዲህ ከመጡት ሐሳቦች ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ኖትስታይን በ1945 ያብራራው «የሥነ ሕዝብ ሽግግር» ነው። በዚህ አስተሳሰብ ሕዝቦች ሁሉ በአንድ መንገድ ያልፋሉ። በመጀመሪያ ብዙ ይወለዳል፣ ብዙም ይሞታል። ቀጥሎ ሞት ይቀንስና ልደት ባለበት ይቆያል፤ ያን ጊዜ ሕዝብ ይበዛል። በመጨረሻ ፋብሪካና ከተማ ሲስፋፋ ልደትም ሞትን ተከትሎ ይወርዳል።

ሐሳቡ ለአውሮፓ ታሪክ የተሰፋ ልብስ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ሲመጣ ግን አንድ ችግር ገጠመው። ሞት በመድኃኒትና በክትባት እየቀነሰ ሳለ ገበሬው ልጅ መውለዱን አልተወም። «ለምን?» ሲባል ብዙዎቹ የጊዜው ባለሙያዎች የሰጡት መልስ አጭር ነበር፤ አላዋቂነት፣ ልማድ፣ አጉል እምነት። መፍትሔውም እንደ መልሱ አጭር ነበር፤ ማስተማርና የወሊድ መከላከያ ማደል። መጠይቅ የያዘ ወጣት ከቤት ቤት እየዞረ «ስንት ልጅ ይበቃሻል?» ይላል። እናትየው «እግዜር የሰጠኝን» ትላለች። ወጣቱም «መልስ አልሰጠችም» ብሎ ይጽፋል። መልስ ግን ሰጥታው ነበር!

ከካንቤራ እስከ ኢባዳን

ኮልድዌል በ1928 አውስትራሊያ ውስጥ ተወለደ። ዶክትሬቱን ከአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከያዘ በኋላ፣ ከባለቤቱ ከፓት ጋር ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጋና አቀና። ጋና ነፃ ከወጣች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው። ሌጎን ባለው ዩኒቨርሲቲ እየሠራ፣ በአንድ በኩል የከተማውን አዲስ ምሁር፣ በሌላ በኩል ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልሰውን ሕዝብ አጠና። ሁለት መጻሕፍትም በ1968 እና በ1969 ወጡለት። ፓት የባሏን ሻንጣ ተሸክማ የዞረች ሴት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። መንደር ውስጥ አብራው ትቀመጣለች፤ ወንድ ተመራማሪ የማይገባበት ጓዳ ትገባለች፤ ብዙዎቹ ጽሑፎችም የሁለቱን ስም ይዘው የወጡ ናቸው።

ኮልድዌል በጋና ያየው አንድ ነገር ለሐበሻ አንባቢ እንግዳ አይደለም። አባት ያለውን አሟጥጦ አንዱን ልጅ ያስተምራል። የተማረው ሥራ ሲይዝ ታናሹን ያስተምራል፤ ታናሹም የእርሱን ታናሽ። በዚህ መካከል ለአባት ቤት ይሠራል፣ ለእናት ነጠላ ይገዛል። ትምህርት ቤት የገባው ልጅ የቤተሰቡ አዝመራ ነው። እንግዲህ ብዙ የወለደ ሰው ብዙ አፍ ብቻ አይደለም ያፈራው፤ ብዙ እጅም አፍርቷል፤ ከእነዚያ እጆች አንዱ ደመወዝ የሚይዝ ሊሆን ይችላል።

ከጋና ቀጥሎ ናይጄሪያ መጣች። በ1970ዎቹ በዮሩባ ሕዝብ መካከል፣ በተለይ በኢባዳን ከተማና በዙሪያዋ፣ ሰፊ ጥናት ተደረገ። ኮልድዌል ከናይጄሪያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያነሣው ጥያቄ «ስንት ልጅ ትፈልጋለህ?» የሚል ብቻ አልነበረም። ልጅ በቀን ምን ይሠራል? ያደገ ልጅ ለአባቱ ምን ይልካል? አባትስ ለልጁ ምን ያወጣል? ሚዛኑ ወዴት ያጋድላል? በኢባዳን ሆን ብለው ጥቂት ልጅ ወልደው የተዉ ባልና ሚስቶችንም እየፈለጉ አነጋገሩ። ከብዙ ሺህ ቤት የተገኙት እፍኝ የማይሞሉ ነበሩ፤ የእነርሱን ሐሳብ የያዘው ጽሑፍም በ1978 ታተመ። ከጎረቤታቸው የሚለያቸው ሀብት ብቻ አልነበረም። ለልጃቸው የነበራቸው ስሜትና የባልና የሚስት ቅርርብ ጭምር እንጂ።

የወንዙ አቅጣጫ

ስሙን ያስጠራው ጽሑፍ የወጣው በ1976 ነው። በ1982 ደግሞ ሐሳቡን በመጽሐፍ አሰፋው። አሳቡ ሲቀለል እንዲህ ነው። በየቤተሰቡ ውስጥ አንድ ወንዝ አለ። ወንዙ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚያወርደው፤ ጉልበት፣ ምግብ፣ ክብር፣ ጥበቃ፣ የእርጅና ዋስትናም ይፈስበታል። በቀድሞው ሥርዓት ወንዙ ከልጅ ወደ ወላጅ ይፈስሳል። እንዲህ እስከሆነ ድረስ ልጅ በበዛ ቁጥር ወላጅ ያተርፋል እንጂ አይከስርም። ስለዚህ ብዙ የሚወልደው ገበሬ ሞኝ አይደለም፤ ስሌቱን ጠንቅቆ ያውቃል። ሞኙ ስሌቱን ሳይጠይቅ የሚመክረው ነው።

ታዲያ ልደት የሚቀንሰው መቼ ነው? ወንዙ ሲገለበጥ ነው ይላል ኮልድዌል። ወላጅ ለልጁ መኖር ሲጀምር፣ የሚያገኘውን ሁሉ ወደ ታች ሲያፈስስ፣ ከልጁም ምንም ሳይጠብቅ ሲቀር፣ ያን ጊዜ ተጨማሪ ልጅ ተጨማሪ ዕዳ ይሆናል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ከኖትስታይን ይለያል። ፋብሪካ መቆም የለበትም፤ መንደሩም ከተማ መሆን የለበትም። የሚለወጠው የቤተሰቡ ልብ ነው። ባል ከእናቱ ይልቅ ወደ ሚስቱ፣ ሁለቱም ከአያቶች ይልቅ ወደ ልጆቻቸው ሲያዘነብሉ ነገሩ ያበቃል።

ይህን ልብ የሚለውጠው ማን ነው? ትምህርት ቤት፤ የኮልድዌል መልስ ይኸው ነው። በ1980 ባወጣው ጽሑፍ ምክንያቶቹን ዘርዝሯል። ትምህርት ቤት የልጁን የሥራ ጊዜ ይወስዳል። ወጪ ያመጣል፤ ደብተር፣ ልብስ፣ ጫማ። ልጁን የዛሬ ሠራተኛ መሆኑን አስትቶ የነገ ተስፋ ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ተማሪ ነው፣ አትዘዙት» ይባላል። የባህልን ለውጥ ያፋጥናል። በመጨረሻም በመጽሐፉ ገጽ ላይ አባት፣ እናትና ሁለት ንጹሕ ልጆች ብቻ ያሉበትን የፈረንጅ ቤተሰብ እንደ ትክክለኛ ቤተሰብ ያሳያል። አያት የት አለች? አክስትስ? በሥዕሉ ላይ የሉም።

እኔ ራሴ በገጠር ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ነበሩ። የማልተስን ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስወጣ፣ በር ላይ የሚጠብቀኝ የተማሪ አባት ነው። አንድ ባላገር፣ እኔ ልጁን ፊደል ሳስቆጥር ከብቱን ማን እንደሚቆጥርለት በቁም ነገር ጠየቀኝ። ነገሩን ለክርክር አላመጣውም፤ መልስ ፈልጎ ነው። ልጁን እንዲያስቀረው መከርኩት፤ እርሱም አስቀረው፤ ታናሹን ግን ለእረኝነት ይዞ ቀረ። ኮልድዌልን ያነበብኩት ከዚያ ብዙ ዘግይቼ ነው። ሳነበው ያ ባላገር ትዝ አለኝ። የወንዙ መገልበጫ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንዱ ልጁ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች።

የእናት ፊደል

ከዚህ ሰው ሥራ ሁሉ ብዙ ነፍስ ያዳነው ግን ስለ ልደት የጻፈው ሳይሆን ስለ ሞት የጻፈው ይመስለኛል። ከኦሩቡሎዬ ጋር በናይጄሪያ ኤኪቲ ውስጥ ሁለት ቦታዎችን አነጻጽረዋል። ኢዶ ሆስፒታል አላት፤ ኢሲንቦዴ የላትም። በሌላው ነገር ይመሳሰላሉ። ከዚያ የተገኘው ስሌት ዛሬም ይጠቀሳል። ላልተማረች እናት ሕክምና ቢቀርብላት የልጆቿ የዕድሜ ተስፋ 20 በመቶ ይጨምራል። ሕክምና ሳይኖር እናቲቱ የተማረች ብትሆን 33 በመቶ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን 87 በመቶ! ሃያና ሠላሳ ሦስት ተደምረው ሰማንያ ሰባት አይሆኑም። አንዱ ሌላውን ያበዛዋል ማለት ነው።

በ1979 ደግሞ የናይጄሪያን መረጃ ይዞ፣ የእናት ትምህርት ከባልዋ ገቢና ከሥራው በላይ የሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ አሳየ። ለምን? የተማረች እናት በሽታን እንደ ዕጣ ፈንታ ብቻ አትቀበለውም። ክሊኒክ ስትገባ ነርሷ ትሰማታለች፤ ካልተሻለው ልጇን ይዛ ትመለሳለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቤት ውስጥ ያላት ሥልጣን ይለወጣል። ሕፃኑ ትኩሳት ሲይዘው አማቷ እስክትፈቅድ፣ ባልዋ ከገበያ እስኪመለስ አትጠብቅም። ይህ የመጨረሻው ነገር ያልገባው ሰው፣ ጤና ኬላ ሠርቶ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ሲደነቅ ይኖራል።

በ1986 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ ኮልድዌል ስሪ ላንካን፣ የሕንዷን ኬራላንና ኮስታ ሪካን ወሰደ። ሦስቱም ከገቢያቸው ይልቅ በጤናቸው የቀደሙ ናቸው። ምሥጢሩን ሲፈልግ ያገኘው ሴቶች ትምህርትና ነፃነት ያላቸው መሆኑን፣ ሕዝቡም ክሊኒኩ ሲዘጋበት የሚጮህና የሚሰማ መሆኑን ነው። ድህነት ለሕፃን ሞት ሙሉ ማመካኛ እንደማይሆን ይህ ጽሑፍ አስረግጦ ተናገረ። በእነዚያው ዓመታት ከፓትና ከሕንዳዊው ሬዲ ጋር ካርናታካ ውስጥ በገጠር መንደሮች ተቀምጠው ያጠኑት ሥራም በ1988 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ሰው በሠንጠረዥ ከመቆጠሩ በፊት በደጃፉ ተቀምጦ መደመጥ አለበት የሚለው የጥናት ስልቱ፣ ከሥነ ሰብእ ባለሙያዎች ጋር አዛመደው።

ያልተዋጠላቸው

መቼም ዛፍ ሲያፈራ ድንጋይ ይበዛበታል። የኮልድዌል ወንዝም ተወግሯል፤ አንዳንዱ ድንጋይ ደግሞ ዒላማውን የመታ ነው። በ1994 አሜሪካዊው ሂላርድ ካፕላን በደቡብ አሜሪካ በአደንና በትንሽ እርሻ የሚኖሩ ሕዝቦችን የምግብ ፍሰት በካሎሪ ለካ። ያገኘው የተገላቢጦሽ ነው፤ ምግቡ ከአያትና ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ ከልጅ ወደ ወላጅ አይወጣም። ልደታቸው ግን ከፍተኛ ነው። በሌላ ወገን ሚድ ኬን በባንግላዴሽ መንደር ተቀምጦ በ1977 ያወጣው ጥናት ኮልድዌልን ይደግፋል፤ እዚያ ወንዱ ልጅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የበላውን መልሶ ያመርታል። ክሌላንድና ዊልሰን ደግሞ በ1987፣ ልደት የሚቀንሰው በኑሮ ስሌት ለውጥ ሳይሆን በሐሳብና በዕውቀት መዛመት ነው ሲሉ ተከራከሩ። ኮልድዌል በ2005 ወደ ራሱ ሐሳብ ተመልሶ እንደገና ፈትሾታል።

ከዚህ የከበደም ነቀፋ አለ። በ1989 ስለ ኤድስ የጻፉት ጽሑፍ የአፍሪካን የፆታ ባህል እንደ አንድ ወጥ ነገር ማየቱ ብዙ ምሁራንን አስቆጥቷል፤ አፍሪካውያንም ብዕራቸውን አንሥተዋል። እኔም ከነቃፊዎቹ ጋር ነኝ። የዮሩባን ጓዳ በትዕግሥት ያጠና ሰው፣ ስለ ክፍለ ዓለሙ በሙሉ በአንድ አፍ መናገሩ የራሱን ስልት መጣስ ነው። ጎንደሬና ዮሩባ፣ ኪኩዩና ዙሉ በአንድ ጆንያ አይታሰሩም።

የእኛ ወንዝ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የቆጠረችው ግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው። 42 ሚሊዮን ግድም ሆንን። በ1987 ዓ.ም. 53 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 74 ሚሊዮን ተጠጋን። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደውን አማካይ የልጅ ቁጥር ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ እስከ 2015 ጊዜ ቆርጦ ነበር። በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት 4.6 አገኘ። ግቡ አልተነካም፤ መንገዱ ግን ረጅም ነበርና የተሄደው ትንሽ አይደለም።

ቁጥሩ ሲተነተን የኮልድዌል ጥላ ይታያል። በዚያው የ2016 ጥናት በገጠር 5.2፣ በከተማ 2.3 ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት 5.7 ስትወልድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የዘለቀችው 1.9 ብቻ ወልዳለች። ከሁሉ የሚገርመው አዲስ አበባ ነው። በ2000 በተደረገው ጥናት የአዲስ አበባ ሴት አማካይ 1.9 ነበር፤ ወላጆቹን እንኳ በቁጥር የማይተካ ትውልድ ማለት ነው። በ2005 ወደ 1.4 ወረደ። ይህ የሆነው ባለጸጋ በሆነች ከተማ አይደለም። ሥራ የለም፣ ቤት የለም፣ ቤት ከሌለ ጋብቻ የለም። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ከእናቱ ጋር የሚኖረውን ጎልማሳ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮልድዌል ወንዙን የሚገለብጠው የልብ ለውጥ ነው አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የቤት ኪራይም ልብን ያህል ጉልበት እንዳለው ታየ።

እንዲህም ሆኖ ወንዛችን አንድ አቅጣጫ ብቻ የለውም። ከተሜው አባት የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል ይበደራል፤ ወንዙ ወደ ታች ነው። በዚያው ሰፈር አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ወደ ቤሩት ወይም ወደ ጅዳ ሄዳ የሰው ቤት ትሠራለች። በምትልከው ገንዘብ የአባቷ ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ታናሽ ወንድሟ ይማራል። ኮልድዌል ጋና ላይ ያየው ሰንሰለት ይኸው፤ ቀይ ባሕርን ተሻገረ እንጂ አልተበጠሰም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ለሁሉም የምትፈስሰው ልጅ ለራሷ ምን ይቀርላታል? ምንጩ ሲደርቅስ ማን ውኃ ያጠጣታል? ወንዙን የሚለካ ሁሉ ምንጩን ማየት አለበት። «ቤተሰብ ተጠቀመ» ሲባል ከቤተሰቡ ውስጥ ማን እንደከፈለ አይጠየቅም።

ሌላም አለ። ገበሬውን «አራምድ፣ ጥቂት ውለድ» ስንለው፣ ከልጆቹ ሌላ ጧሪ አዘጋጅተንለታል ወይ? የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አለው። የግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ጡረታ አግኝቷል። አርሶ አደሩ ግን የለውም። ያለው ዕድርና ልጆቹ ናቸው። ዕድር ይቀብራል እንጂ አይጦርም። ስለዚህ አምስት የወለደ ባላገር ጡረታውን በአምስት ቦታ ያስቀመጠ ሰው ነው፤ አንዱ ቢሞት፣ አንዱ ቢሰደድ፣ አንዱ ቢከዳ ሁለት ይቀሩታል። ይህን ስሌት በስብከት ማፍረስ አይቻልም። የሚፈርሰው ልጆቹ እንደማይሞቱበት ሲያይ፣ ሴት ልጁ ስትማር፣ እርጅናውም በሌላ ነገር ሲደገፍ ነው።

በከተማ ደግሞ ፈተናው ተገልብጧል። አንድ ወይም ሁለት የወለዱት የዛሬ ወላጆች ነገ ሲያረጁ፣ ያቺ አንድ ልጅ ምናልባት በቶሮንቶ ወይም በዱባይ ትሆናለች። ወንዙን ወደ ታች አፍስሰው የጨረሱ ሰዎች ከላይ ደርቀው ይቀራሉ። «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው ቃል በአፋችን ላይ ሳለ ነገሩ ከእጃችን እየወጣ ነው። በእርሱ ቦታ ምን እንደምንተክል ገና በወጉ አልተነጋገርንም።

ኮልድዌል በ2004 የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ሽልማት ተሰጠው። በመጋቢት 2016 በ87 ዓመቱ አረፈ፤ ፓት ቀድማው ሄዳ ነበር። ከሐሳቦቹ አንዳንዶቹ ተፈትነው ወድቀዋል፣ አንዳንዶቹ ቆመዋል። ከወደቁትም ከቆሙትም በላይ የሚጠቅመን ግን መነሻው ይመስለኛል። የድሃን ሰው ሥራ «አላዋቂነት» ብሎ ከመፈረጅ በፊት፣ በእርሱ ጫማ ሆኖ ሒሳቡን መሥራት። ስንት ሰው እንዳለን ለማወቅ ቆጠራ ያስፈልጋል፤ ለምን እንዲህ እንደሆንን ለማወቅ ግን «እግዜር የሰጠኝን» ያለችውን እናት ቁጭ ብሎ መስማት ይጠይቃል። መልሱን ስትሰጥ «መልስ አልሰጠችም» ብሎ የሚጽፍ ትውልድ ከእንግዲህ ይብቃ።